የተተከለብሽ ዕቃ ስሙ ማን ነው?

ይህ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ሐበሻ ሴቶች፣ ሴት ሰውነት ውስጥ ስለሚተከሉ የሕክምና ዕቃዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ ላኪልን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ጥቂት ቦታ ብቻ አስተካክዬ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ።

ቅዳሜ ማታ ነው። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ። ልጅ ለጎረቤት ትታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሦስት ወንዶችም አያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጉዳዩ የሚስቶቻችሁም፣ የእናቶቻችሁም ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጠበቃም አይደለሁም። የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የሚለውን በአማርኛ እላለሁ፣ ታካሚዋ በአማርኛ የምትለውን በእንግሊዝኛ እላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ሥራ ላይ የገጠመኝ አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እሱ ነው ብዙ እንዳነብ ያደረገኝ።

አንዲት እናት ነበሩ። እትዬ ልበላቸው። ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል። አምስት ልጅ ወልደዋል። ሲያስሉ፣ ሲስቁ፣ ከበድ ያለ ዕቃ ሲያነሱ ሽንት ያመልጣቸዋል። ቅዳሴ መሄድ ትተው ነበር። ለምን እንደቀሩ ለማንም አልተናገሩም፤ ለሴት ልጃቸው እንኳን።

ሐኪሙ መፍትሔ አለው አላቸው። ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ቀጭን ጥብጣብ ነው፤ ሽንት የሚወጣበትን ቧንቧ ከሥር ደግፎ ይይዛል። እኔም «ትንሽ መረብ ያስገቡልዎታል» ብዬ ተረጎምኩ። «መረብ? ዓሣ ልታጠምዱብኝ ነው እንዴ?» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን። ወረቀቱ መጣ፣ ፈረሙ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ክሊኒክ ውስጥ ተገናኘን። ወንበሩ ላይ በአንድ ጎናቸው ነው የተቀመጡት። በሁለቱም ጎን መቀመጥ ካቆሙ ከርመዋል። አዲሷ ሐኪም መረመረቻቸውና መረቡ ሥጋውን በስቶ መውጣቱን ነገረችን። ቀጥላ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «የተተከለው ዕቃ የማን ሥሪት ነው? ስሙስ ማን ነው?»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነበርሽ እኮ» አሉኝ።

አዎ፣ ነበርኩ። ስሙን ግን አልሰማሁም። ማንም አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም። ሴትየዋ ሰውነታቸው ውስጥ ለዘላለም እንዲኖር የገባ ዕቃ አለ፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው በእንዲህ ያሉ የሚተከሉ ዕቃዎች የተነሳ ስለተከፈቱ ክሶች ማንበብ የጀመርኩት። ስንት ሴት እንደከሰሰች፣ ስንቷ እንደተረታች፣ ስንቷ ስሙን ባለማወቋ ብቻ ከደጅ እንደተመለሰች።

ከቅርባችን ልጀምር። ሪችመንድን ታውቋታላችሁ። ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነች። እዚያ ኤ ኤች ሮቢንስ የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ነበር። ሮቢተሲን የሚባለውን የሳል ሽሮፕ የሚሠራው እሱ ነበር። ከንፈር የምንቀባውን ቻፕስቲክ የሚሠራው ፋብሪካም የእሱ ነበር። በ1970 ይህ ኩባንያ አንድ ሉፕ፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባ የእርግዝና መከላከያ፣ ገዛ። ዳልከን ሺልድ ይባላል። ሮቢንስ ከዚያ በፊት ሉፕ ሠርቶ አያውቅም። የሚገጣጠመውም ሊንችበርግ ከተማ፣ እዚያው ቻፕስቲክ በሚሠራበት ፋብሪካ ነበር።

ዳልከን ሺልድ ትንሽ ነገር ነው። ከሳንቲም ብዙ አይበልጥም። ጎንና ጎኑ ላይ እንደ ነፍሳት እግር የሾሉ ጣቶች አሉት፤ ማህፀን እንዳይተፋው ቆንጥጠው እንዲይዙ ነው። ከሥሩ ክር ይንጠለጠላል። ችግሩ ያለው እዚህ ክር ላይ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

የሌሎች ሉፖች ክር አንድ ወጥ ነው፤ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር። የዳልከን ሺልድ ክር ግን በመቶ የሚቆጠሩ ፀጉር የሚያካክሉ ቃጫዎች ናቸው፤ በአንድ የናይለን ሽፋን ውስጥ ተጠቅልለዋል። ሽፋኑ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው። ኩራዝ ያበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ክሩ ላምባውን ከታች ወደ ላይ እየሳበ ያመጣዋል፤ ማንም ሳይገፋው። ይህም ክር እንደዚያ ነው። አንዱ ጫፉ ብልት ውስጥ ነው፤ እዚያ ባክቴሪያ ሁሌም አለ። ሌላው ጫፉ ማህፀን ውስጥ ነው፤ እዚያ መኖር የለበትም። ክሩ ከታች እየሳበ ወደ ላይ ያደርሳል።

ይህን ቀድሞ በሙከራ ያየው ሐኪም አይደለም። ሊንችበርግ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት የሚቆጣጠር ሠራተኛ ነው። ክሩን ውኃ ውስጥ ነከረው። ከውኃው በላይ ያለውን ጫፍ ሲጨምቀው ውኃ ወጣ። ጊዜው 1971 ነው፤ ዕቃው ገበያ ከወጣ ገና ጥቂት ወሩ። ለአለቆቹ ተናገረ። ክሩ ያንተ ሥራ አይደለም ተባለ። አንድ ሰው፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ ክር። ይህ ሙከራ በቁም ነገር ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ዳልከን ሺልድ ባላወራኋችሁ።

ሽያጩ ቀጠለ። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ አሜሪካ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሴቶች ገባላቸው። ኩባንያው በማስታወቂያው ከመቶ ሴት የምታረግዘው አንድ ብቻ ናት ይል ነበር፤ 1.1 በመቶ። ይህ ቁጥር የመጣው ሂው ዴቪስ የሚባል የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ካሳተመው አንድ ጥናት ነው። 640 ሴቶች ነበሩበት፤ በአማካይ ስድስት ወር እንኳን አልተከታተሏቸውም። ሐኪሙ ደግሞ ዕቃውን ከፈጠሩት አንዱ ነው፤ ከሽያጩም ድርሻ ነበረው። ይህን ጽሑፉን ያነበቡ ሐኪሞች አያውቁም ነበር።

ሴቶቹ ሉፑ እያለ አረገዙ። ካረገዙትም ብዙዎቹን በኢንፌክሽን አስወረዳቸው። የሞቱ አሉ። ብዙዎች ደግሞ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ይዟቸው ቆየ፤ የማህፀን ቧንቧቸው ጠባሳ ሆኖ ተዘጋ፤ ልጅ ሲፈልጉ ልጅ የለም። ምክንያቱን ያወቁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያውም ያወቁት።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ይመረመራል፤ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ግን አይመረመርም ነበር። ሕጉ የተለወጠው በ1976 ነው። ዳልከን ሺልድ ሕጉን ካስለወጡት ነገሮች ዋናው ነበር።

ወደ ፍርድ ቤቱ ልምጣ። እነዚህ ሴቶች ሲከሱ የኩባንያው ጠበቆች ምን ብለው ጠየቋቸው መሰላችሁ? ከስንት ወንድ ጋር ተኝተሻል? ሽንት ቤት ስትጨርሺ ከፊት ወደ ኋላ ነው ወይስ ከኋላ ወደ ፊት የምትጠራረጊው? ቃላቸውን ሲሰጡ፣ በመሐላ፣ በማያውቋቸው ወንዶች ፊት። ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን የሴትየዋ ንጽሕና ነው ለማለት ነው። ብዙ ሴቶች ይህን ሰምተው ክሳቸውን ተዉ። እኔ ይህን ሳነብ እትዬን አሰብኩ። ለልጃቸው ያልተናገሩትን ለዚያ ሁሉ ሰው ይናገሩ ነበር? አይመስለኝም። ነውር ተብሎ የተያዘ ነገር ለከሳሽ ትልቅ ግድግዳ ነው። ኩባንያዎቹም ያንን ግድግዳ ያውቁታል።

የማልረሳው ቀን የካቲት 29፣ 1984 ነው፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ማይልስ ሎርድ የሚባሉ ዳኛ የኩባንያውን ሦስት ትልልቅ ኃላፊዎች ፊታቸው አቆሙ። ክሶቹ በገንዘብ ስምምነት ሊዘጉ ነው፤ ኃላፊዎቹ የመጡት ለመፈረም ነው። ዳኛው ግን የጻፉትን አወጡና አነበቡላቸው። አንድ ደሀ ወጣት ያለ ፈቃድ አንዲት ሴት ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት ቢያደርስ ኖሮ ብዙ ዓመት ይታሰር ነበር አሏቸው። ሴቶች አሁንም ያንን ዕቃ ይዘው እየሄዱ ነው፤ ጥሩና አስወጡላቸው ብለው ለመኗቸው። ዳኛ ተከሳሽን ሲለምን አስቡት።

ኃላፊዎቹ በዳኛው ላይ አቤቱታ አቀረቡ። የበላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የዳኛው ንግግር ከመዝገብ እንዲሰረዝ አዘዘ፤ ኃላፊዎቹ መልስ የመስጠት ዕድል ሳያገኙ ነው የተወገዙት ብሎ። በሥነ ሥርዓት በኩል ነጥቡ ይገባኛል። ቢሆንም ያ ንግግር ሥራውን ሠርቷል። በጥቅምት 1984 ኩባንያው አራት ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ዕቃውን አስወጡ፣ ወጪውን እኛ እንከፍላለን አለ። መሸጥ ያቆመው በ1974 ነው። አሥር ዓመት ሙሉ!

በዚያው በ1984፣ በፈረንጆቹ በጋ፣ ሌላም ነገር ተሰማ። ሮጀር ተትል የሚባል ሰው፣ ቀድሞ የኩባንያው ጠበቃ የነበረ፣ በመሐላ መሰከረ። በ1975 ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ ላይ ኩባንያው በጁሪ፣ ፍርድ ቤት ከሕዝብ መርጦ በሚሰይማቸው ፈራጆች፣ ከተረታ በኋላ፣ ስለ ክሩ የሚናገሩ ሰነዶች እንዲጠፉ ታዘዝኩ፤ ምድጃ ውስጥ ገብተው ተቃጠሉ አለ። ጥቂቱን ደብቆ ይዞ ነበር። ኩባንያው አስተባበለ።

ክስ ማለት ለብዙዎቻችን ገንዘብ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። አንዲት ሴት ብቻዋን ኩባንያ ደጃፍ ሄዳ የውስጥ ደብዳቤያችሁን አሳዩኝ ብትል ዘበኛው ነው የሚመልሳት። መዝገብ ከከፈተች ግን ዳኛው አምጡ ይላል። ያ ብርጭቆ ውኃና ያ ክር የታወቁት በዚህ መንገድ ነው። ሴቶቹ ሲናገሩ አላመኗቸውም። ወረቀቱ ሲናገር ግን ታመነ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ቀድሞ የተናገረው ሰውነታቸው ነበርና። ያም ሆኖ ወረቀቱ ባይወጣ ኖሮ እስከ ዛሬም የሚያምናቸው አልነበረም።

ነሐሴ 1985 ላይ ሮቢንስ እዚያው ሪችመንድ የኪሳራ መዝገብ ከፈተ። ክሶቹ ሁሉ ቆሙ። ፍርድ ቤቱ እስከ ሚያዝያ 30፣ 1986 ያላመለከተች ቀርቶባታል አለ። ከ300,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ። በመጨረሻ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የያዘ የካሣ ተቋም ተቋቋመ። ትልቅ ገንዘብ ይመስላል። ከፋፍላችሁ ስታዩት ግን እንዲህ ነበር። ዳልከን ሺልድ እንደተደረገልሽ ከሕክምና መዝገብሽ ማሳየት ካልቻልሽ፣ ቃለ መሐላ ፈርመሽ 725 ዶላር ትወስጃለሽ። ብዙዎቹ ከሳሾች ይህን ወሰዱ። ሐኪማቸው ሞቷል፣ ክሊኒኩ ተዘግቷል፣ ካርዱ ተጥሏል። ለማህፀን 725 ዶላር።

ውጭ አገር ያሉትስ? የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤድ ይህንኑ ሉፕ ለድሃ አገሮች ገዝቶ ነበር። በጅምላ፣ በቅናሽ፣ ከጀርም ሳይጸዳ። ለአሜሪካ ሴት አንድ አንዱ ታሽጎና ጸድቶ ይመጣል፤ ለሌላዋ በጥቅል። በአንዲት መንደር የምትኖር ሴት ቨርጂኒያ ውስጥ ቀነ ገደብ እንዳለ በምን ትሰማለች? ማህፀኗ ውስጥ ያለው ሉፕ ስሙ ዳልከን ሺልድ መሆኑንስ ማን ነግሯት?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ድንጋጤውን ፊታችሁ ላይ እያየሁት ነው። ዛሬ ሉፕ ያደረጋችሁ አትደንግጡ። የዛሬ ሉፕ ክሩ አንድ ወጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል፤ ከምናውቃቸው መከላከያዎች አስተማማኙ ከሚባሉት አንዱ ነው። ክንድ ላይ የሚቀበረውም እንዲሁ። አገር ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስንቷን ሴት ረድተዋታል። የመጣሁት ላስፈራራችሁ አይደለም። አንዱ የዳልከን ሺልድ ጉዳት እኮ ይኸው ነው፤ የአሜሪካ ሴቶች ጥሩውንም ሉፕ ለብዙ ዓመት ፈርተው ሸሹት።

እሺ፣ ወደ መረቡ ልመለስ።

መረቡ የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። መጀመሪያ ለሆድ ዕቃ መውጣት፣ ለሄርኒያ ነበር የሚያገለግለው። በ1990ዎቹ ለሴቶች መጣ። ለሁለት ነገር፦ ሽንት ለሚያመልጣትና ማህፀኗ ወይም ፊኛዋ ወደ ታች ለወረደባት። ብዙ የወለዱ እናቶች ችግር ነው። እኛ ብዙ ስለምንወልድ በደንብ እናውቀዋለን፤ አናወራውም እንጂ።

እንዴት ተፈቀደ? አሜሪካ ውስጥ አንድ አቋራጭ መንገድ አለ። አዲስ ዕቃ ያመጣ ኩባንያ ቀድሞ ገበያ ላይ ካለ ዕቃ ጋር ይመሳሰላል ካለ፣ በሰው ላይ አዲስ ጥናት ሳያቀርብ ሊያልፍ ይችላል። የጎረቤቴ ልጅ አልፏልና የእኔም ይለፍ እንደማለት ነው። በ1996 ቦስተን ሳይንቲፊክ የሚባል ኩባንያ የሠራው ፕሮቴጀን የሚባል መረብ በዚህ መንገድ አለፈ። በ1998 መጀመሪያ ቲቪቲ የሚባለው፣ በኋላ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ሆኖ የታወቀው፣ ከፕሮቴጀን ጋር እመሳሰላለሁ ብሎ አለፈ። በ1999 ፕሮቴጀን ሴቶችን ስለጎዳ ከገበያ ተሰበሰበ። ቲቪቲ ግን ቀጠለ። ከዚያም ሌሎች በቲቪቲ ተመስለው አለፉ። አባት የተባለው ወድቋል፤ ልጆቹ በእሱ ስም ይነግዳሉ። እኔ ይህን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ የገባኝ አልመሰለኝም ነበር።

ደግሞ ልብ በሉ፤ የቲቪቲ ዓይነቱ ጥብጣብ ለሽንት ማምለጥ ዛሬም ይሠራበታል። የተሻላቸው ብዙ ሴቶች አሉ፤ ተርጉሜላቸው ያየኋቸውም አሉ። ከሁሉ የባሰው ለማህፀንና ለፊኛ መውረድ በብልት በኩል የሚገባው ሰፊ መረብ ነው። ጥፋቱ ላልተሻላት ሴት ሊሆን የሚችለው ሁሉ አለመነገሩ ነው።

መረቡ ሲበላሽ ምን ይመስላል? ሥጋ በቀዳዳዎቹ መሀል ያድጋል፤ እንዲያድግ ተብሎ ነው የተሠራው። ከዚያ አንዳንዴ ይሸበሸባል፣ ይጠነክራል፣ ጠርዙ ሥጋ ይበሳል። ሴትየዋ ትደማለች። መቀመጥ ያቅታታል። ባሏ ሲቀርባት ያማታል፤ አንዳንዱን ባልም የመረቡ ጠርዝ ይቆርጠዋል። ይውጣልኝ ስትል ደግሞ አይወጣም። ቆንጥር የያዘው ነጠላ አይታችኋል? ሳብ ስታደርጉት ነጠላው ይቀደዳል፣ እሾሁም ይቀራል። አንዳንዷ አራት አምስት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆና ቁራጩ አሁንም ውስጧ አለ።

ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ በ2008 እንዲህ ያለ ጉዳት አልፎ አልፎ ነው ብሎ ነበር። ከ2008 እስከ 2010 ባሉት ሦስት ዓመታት 2,874 ሪፖርት መጣለት። በሐምሌ 2011 ለማህፀን መውረድ በሚገባው መረብ ላይ ቃሉን ለወጠ፤ ከባድ ጉዳቱ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም አይደለም አለ። በሚያዝያ 2019 ይህን ዓይነቱን መረብ የሚሸጡት ኩባንያዎች መሸጥ እንዲያቆሙ አዘዘ። በአልፎ አልፎና በአቁሙ መሀል አሥር ዓመት ተኩል አለ።

ክሶቹ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ቻርልስተን ከተማ ተሰበሰቡ። ጆሴፍ ጉድዊን የሚባሉ አንድ ዳኛ ፊት ከ100,000 በላይ መዝገብ ተከፈተ። ቻርልስተን ራሷ የዚያን ያህል ሕዝብ የላትም። አብዛኛው በስምምነት አለቀ። ካሊፎርኒያ ግዛት ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን ለብቻው ከሰሰ፤ በብሮሹሩ ሴቶችንና ሐኪሞችን አሳስቷል ብሎ። በ2020 ዳኛው 344 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ፤ ይግባኝ ላይ ወደ 302 ሚሊዮን ወረደ። ይህ ቅጣት ነው፤ ካሣ አይደለም። ለሴቶቹ የሚከፋፈል አልነበረም። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ከ1,350 በላይ ሴቶች በአንድ መዝገብ ተባብረው ከሰሱ። ኅዳር 2019 ሲድኒ ላይ ዳኛ አና ካትዝማን ፈረዱላቸው፤ በ2022 በ300 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተዘጋ።

አንድ የሕግ ነገር ልንገራችሁና ከዚህ ልውጣ፤ ብዙ ጠበቃ ያልሆነ ሰው አያውቀውም። በአቋራጩ መንገድ ያለፈን ዕቃ መክሰስ ትችያለሽ። በጠንካራው ምርመራ ያለፈን ዕቃ ግን መክሰስ በጣም ይከብዳል። በ2008 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደዚያ ወሰነ፤ መንግሥት መርምሮ ካጸደቀው በኋላ ጁሪ ሌላ ሊል አይችልም ነው ነገሩ። ኢሹር የሚባል ዕቃ ነበር፤ ከኒኬልና ከታይታኒየም የተሠራ ትንሽ ሽቦ፣ መውለድ የጨረሰች ሴት የማህፀን ቧንቧ ውስጥ የሚገባ። በ2002 በጠንካራው መንገድ ተፈቀደ። ሴቶቹ ሲታመሙ ፌስቡክ ላይ ተገናኙ፤ በአሥር ሺዎች ሆኑ። የሕጉ በር ተዘግቶባቸው ነበር። ጠባብ ቀዳዳ ፈልገው ገቡ። ዕቃውን የሚሸጠው ባየር የሚባል ኩባንያ በ2018 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ አቆመ፤ በ2020 ወደ 39,000 ከሚጠጋው አቤቱታ 90 በመቶ ገደማውን በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ። ስምምነቱ ጥፋተኛ ነኝ የሚል ቃል የለበትም። የፈረንሳዩን ፒፕ የሚባል የጡት ሲሊኮን ለሌላ ቀን እተወዋለሁ፤ ለኢንዱስትሪ የሚሆን ሲሊኮን ሴቶች ደረት ውስጥ የከተተው ሰው በ2013 አራት ዓመት ተፈርዶበታል።

አሁን እናንተ ቤት ልግባ።

እያንዳንዱ የሚተከል ዕቃ ሲመጣ ማሸጊያው ላይ ትንሽ ነጭ ስቲከር አለ። የኩባንያው ስም፣ የዕቃው ስም፣ ሞዴሉ፣ ሎት ነምበሩ (ከየትኛው የምርት ዙር እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር)፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን። ባርኮድም አለው። ኦፕራሲዮን ክፍል ያለችው ነርስ ልጣ ከመዝገባችሁ ወረቀት ላይ ትለጥፈዋለች። በመረብ የተነሳ ልትከስ የመጣችን ሴት ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቃት ያንን ስቲከር ነው። ያለ ስቲከሩ ማንን ትከስሻለሽ? ገበያው ላይ የነበረው አንድ ኩባንያ አይደለም።

ስለዚህ ሂዱና መዝገባችሁን ጠይቁ። የኦፕራሲዮን ሪፖርቴን ከነስቲከሩ ገጽ ስጡኝ በሉ። መብታችሁ ነው፤ በሕግ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጧችሁ ይገባል። ሆስፒታል መዝገብ ለዘላለም አያስቀምጥም፤ ቶሎ ሂዱ። እናታችሁም ከሆኑ ይዛችኋቸው ሂዱ። ደግሞ አስተርጓሚ በነጻ ነው፤ ሆስፒታሉ ነው የሚከፍለን። የአሥራ አራት ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ። እናት በልጇ አፍ ሽንት ያመልጠኛል አትልም፤ ራሴን አሞኛል ብላ ትመለሳለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከቀነ ገደቡ ተጠንቀቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የአካል ጉዳት ክስ ሁለት ዓመት ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ሦስት። ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል የሚለው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ጠበቃ ጠይቁ። ብዙዎቹ ቅድሚያ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ካሸነፉ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ስንት እንደሆነ ይነገራችሁ። ስልክ ደውሎ መረብ እንዳለሽ አውቃለሁ፣ ማስወጫውን እኛ እንከፍላለን የሚል ካለ ዝጉት። እንዲህ ተብለው በአውሮፕላን ሩቅ ከተማ ተወስደው፣ በማያውቁት ሐኪም ተቀደው፣ ብሶባቸው የተመለሱ ሴቶች አሉ። ደዋዮቹ የፈለጉት የክሱን ዋጋ ከፍ ማድረግ ነበር።

ሕመሙ ካለባችሁ ደግሞ ለኤፍዲኤ ራሳችሁ ሪፖርት ማድረግ ትችላላችሁ። ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ያ 2,874 የሚለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም።

እትዬ ምን ሆኑ ትሉኛላችሁ። ከዚያ ክሊኒክ ከወጣን በኋላ በዕረፍቴ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ፤ እንደ አስተርጓሚ ሳይሆን እንደ ልጅ። የመጀመሪያው ሆስፒታል መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ፎርም ሞሉ፣ በፖስታ ይመጣል አለች። መጣ። ከገጾቹ አንዱ ላይ ስቲከሩ አለ፤ ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ጠበቃ ዘንድ ወሰድነው። ጠበቃዋ ቀኑን አየች፣ እንደገና ቆጠረች፣ አዝናለሁ አለች። ጊዜው አልፏል።

እትዬ ወረቀቷን አጣጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቷት። ባለፈው ወር ለሌላ ምርመራ ተገናኘን። አዲስ ሐኪም ነው፤ ወጣት ልጅ። ገና ሳይቀመጥ ዳዊቱን ከፈቱና ወረቀቷን አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ የኩባንያውን ስም፣ የዕቃውን ስም፣ ሎት ነምበሩን፣ አንድ በአንድ፣ በእንግሊዝኛ ራሳቸው አነበቡለት። እኔ የተረጎምኩት ምንም አልነበረም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ። ጮክ ብላችሁ መጠየቅ ያልፈለጋችሁም እስከ አራት ሰዓት እዚሁ ነኝ፤ ለየብቻ እናወራለን።